ምዕራፍ ስድስት፦ ቁናው ሲያንስ

ከአዲስ ቴስተር ጋር በካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚመጣ ወረቀት አለ፤ ብዙ ሰው ሳያነበው ይጥለዋል። በዚያ ወረቀት ላይ፣ ስለ ባትሪ አቀያየርና ስለ ፊውዝ ከሚያወራው ክፍል አጠገብ፣ መሣሪያው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲያገለግል መሠራቱን የሚናገር አንድ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ ተነስቶ በስናን በኩል ወደ ጮቄ የሚወጣ ሰው 3,000ን ያልፋል፤ የተራራው ጫፍ ደግሞ ከ4,000 በላይ ነው። ስለዚህ በጎጃም ደጋ ሬዲዮና ሪሲቨር የሚጠግን ባለሙያ በየቀኑ የሚጨብጠው ቴስተር፣ አምራቹ ራሱ በጻፈው ቃል፣ ከተወሰነለት ከፍታ በላይ እየሠራ ነው።

ቴስተሩ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል ማለት ግን አይደለም። ገደቡ የመጣው ከደኅንነት ነው። በአንድ ቦርድ ላይ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መስመሮችን የሚለያቸው በመካከላቸው ያለው አየር ነው። ቮልቱ ሲበረታ በአየሩ ውስጥ ያሉ ጥቂት ኤሌክትሮኖች መሮጥ ይጀምራሉ። ቆላ ላይ አየሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ጉልበት ሳይሰበስቡ ከሞለኪውል ጋር ይጋጫሉ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ኤሌክትሮኑ ረዘም ያለ መንገድ ሮጦ፣ ጉልበት አከማችቶ ይጋጭና ከሞለኪውሉ ሌላ ኤሌክትሮን ያስወጣል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ሲሆኑ ብልጭታ ይፈጠራል። አይኢሲ 61010 የተባለው የመለኪያ መሣሪያዎች ዓለም አቀፍ የደኅንነት ደረጃ ከ2,000 እስከ 3,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይህ ክፍተት በ1.14 እንዲባዛ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ቆላ ላይ 3 ሚሊ ሜትር የሚበቃው ክፍተት ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ወደ 3.4 ይሰፋል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ፋብሪካ ሠርቶ የዘጋውን ሳጥን ግን ማንም ሊያሰፋው አይችልም። በራሱ እጅ የሚበይድ ሰው ባለ ቀዳዳው ቦርድ ላይ አንድ ሁለት ረድፍ ዘሎ ይበይዳል፤ በቃ። የራስን መለኪያ ለመሥራት ከሚቀርቡ ምክንያቶች ርካሽነት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠቀሳል። እኔ ግን ያን ያህል አያሳምነኝም፤ ከመርካቶ የሚመጣ ተራ ቴስተር ከዚህ በታች ከምንሠራው ይረክሳል። የሚያሳምነኝ ሌላ ነው፦ ሠሪው መሣሪያውን ለአገሩ ከፍታ፣ ለአገሩ ብልሽትና ለአገሩ መለዋወጫ ልክ ሊያደርገው መቻሉ።

የአገሩ ብልሽት ምንድን ነው? በውጭ አገር የተጻፉ የኤሌክትሮኒክስ መጻሕፍት የቮልትን ማዕበል በማያ ገጽ ከሚሥለው ከኦሲሎስኮፕ መጀመር ይወዳሉ። ደብረ ማርቆስ፣ አማኑኤል ወይም ደንበጫ ውስጥ ያለ ጠጋኝ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚከመረው ዕቃ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። ከገጠር የመጣ የሶላር ባትሪ አለ፤ የሞተ የስልክ ቻርጀር አለ፤ “መብራቱ አይበራም” የተባለ ሪሲቨር አለ፤ ክረምት ላይ በመብረቅ ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ የተመታ ቴሌቪዥን አለ። አብዛኛው ችግር የኃይል አቅርቦት ችግር ነው፤ አብዛኛው ልኬትም ከ25 ቮልት በታች ባለ ቀጥተኛ ጅረት ይጠናቀቃል። ስለዚህ የምንሠራው መሣሪያ ቮልት፣ አምፔር፣ የተነቀለ አካል ጤንነትና ሙቀት ይለካል። የግድግዳውን 220 ቮልት አይነካም። ይህን ደግሜ እላለሁ፦ በቤት የተሠራ ሞጁል ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ ለዚያ ሥራ ፋብሪካ የሠራው ቴስተር ከነገደቡም ቢሆን ይሻላል።

መሣሪያን በሞጁል መከፋፈል አዲስ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው ቴክትሮኒክስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ያወጣቸው ኦሲሎስኮፖች ፊታቸው ላይ ክፍት ጎሬ ነበራቸው፤ ደንበኛው እንደ ሥራው ዓይነት የተለያየ ማጉያ ይሰካበታል። እዚያ ውድ የነበረው ዋናው አካል፣ ማለትም የምስል ቱቦውና የኃይል ክፍሉ ስለነበር፣ እሱን አንድ ጊዜ ገዝቶ ርካሹን ክፍል መቀያየር ያዋጣ ነበር።

እኛ ዘንድ ስሌቱ ይለያል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውዱ ነገር የጎደለው ዕቃ መንገድ ነው፤ አንድ ቺፕ ሲቃጠል ምትኩ ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርሳል። ስለዚህ ሞጁል የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚቃጠለው የት ነው? ከውጭው ዓለም ጋር የሚነካካው ክፍል ይቃጠላል። የሚያስበውና የሚያሳየው ክፍል፣ ካልነኩት፣ ዓመታት ይኖራል። ቆርጦ መለየት የሚያስፈልገው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ይህን የምለው ከልክ በላይ መከፋፈል ራሱ በሽታ ስለሆነ ነው። እያንዳንዱ መሰኪያ አቧራና የክረምት እርጥበት የሚገባበት በር ነው፤ ኮንታክቱ ሲበላሽ ያልተበላሸ መሣሪያ የተበላሸ ይመስላል። ሰባት ሞጁል ያለው መሣሪያ በፎቶ ያምራል፤ በሥራ ላይ ግን ጠጋኙ ደንበኛውን ትቶ የራሱን መሣሪያ ሲጠግን ይውላል። ሦስት ወይም አራት ይበቃል።

ዋናው ቦርድ አርዱኢኖ የሚባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ ይሁን፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ቺፕ ኤቲሜጋ 328 ነው። ከሞጁሎቹ ጋር የሚገናኘው በአራት ሽቦ ነው፦ 5 ቮልት፣ መሬት፣ እና አይ-ቱ-ሲ የሚባለው መገናኛ ሁለት ሽቦዎች፤ አንዱ መረጃ ይወስዳል፣ ሌላው ምት ይመታል። እያንዳንዱ ሞጁል የራሱ አድራሻ ቁጥር አለው፤ ዋናው ቦርድ ቁጥሩን ጠርቶ ይጠይቃል፣ የተጠራው ብቻ ይመልሳል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ጠፍጣፋ ሽቦ ለዚህ ጥሩ ነው። አንድ ደካማ ጎን አለ፦ አንዱ ሞጁል የመረጃ ሽቦውን ከመሬት ጋር ሾርት ካደረገ ሁሉም ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ በሽተኛው እስኪገኝ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ እነሱን የሚያያይዘው መሰኪያ ሊበየድ የማይገባውም ለዚህ ነው። ለሁሉም ኃይል የሚሰጠው የስልክ ፓወር ባንክ ነው። መብራት ቢሄድም ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ግን መሣሪያው ከግድግዳው መስመር ጋር ምንም ግንኙነት እንዳይኖረው ያደርጋል።

አሁን ወደ ምዕራፉ እምብርት ደረስን፤ ወደ ቮልት መለኪያው።

አርዱኢኖ ቮልትን በቀጥታ አያውቅም። የሚያውቀው ንጽጽር ነው። አንድ ማጣቀሻ ቮልት ይይዝና የመጣለት ቮልት ከማጣቀሻው ስንት እጅ እንደሆነ ከ1,024 ደረጃ ይናገራል። ማንም ካልነገረው ማጣቀሻ የሚያደርገው የራሱን የኃይል ምንጭ፣ ማለትም 5 ቮልት ይሆናል ተብሎ የሚታሰበውን ነው። ፓወር ባንኩ ሲደክም ወይም ሽቦው ሲቀጥን ያ 5 ቮልት 4.75 ይሆናል። ፕሮግራሙ ግን አሁንም 5 ነው ብሎ ያባዛል። ቁናው ሲያንስ እህሉ የበዛ ይመስላል፤ ነጋዴውም ገበሬውም የሚያውቁት ነገር ነው። 12.0 ቮልት ያለው ባትሪ በዚህ መለኪያ 12.63 ተብሎ ይነበባል።

ይህ ስህተት ተራ ስህተት አይደለም። ያረፈ የ12 ቮልት እርሳስ-አሲድ ባትሪ ሲሞላ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል፤ 12.0 ሲያሳይ ሩብ ያህል ብቻ ነው የቀረው። ስለዚህ ያ መለኪያ ሊያልቅ የደረሰን ባትሪ “ሙሉ ነው” ብሎ ይመሰክርለታል። ማያ ገጹ ሁለት አሥርዮሽ ስላሳየ ማንም አይጠራጠረውም።

መድኃኒቱ የማይለዋወጥ ማጣቀሻ መስጠት ነው፤ እሱም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በየጠጋኝ ቤቱ የቆሻሻ ካርቶን ውስጥ ተጥሎ ይገኛል። የሞተ ሪሲቨር የኃይል ቦርድ ሲከፈት፣ ባለ አራት እግሯ ኦፕቶ ኮፕለር አጠገብ ትራንዚስተር የምትመስል ባለ ሦስት እግር አካል ብዙ ጊዜ አለች፤ ጀርባዋ ላይ 431 የሚል ይነበባል። ቲኤል 431 ትባላለች። ሥራዋ ከኃይል ቦርዱ የሚወጣውን ቮልት ከራሷ 2.5 ቮልት ገደማ ጋር እያስተያየች ማስተካከል ነው። ሪሲቨሩ ቢሞትም እሷ ብዙ ጊዜ አትሞትም። ሁለት እግሮቿን አገናኝቶ ከ5 ቮልቱ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል 2.5 ሚሊ አምፔር ያህል ቢሰጧት፣ ፓወር ባንኩ ቢደክምም ባይደክምም ያንኑ 2.5 ቮልት ትይዛለች። ያ ቮልት አርዱኢኖው ላይ ኤሬፍ ወደሚባለው እግር ይገባል። ፕሮግራሙ ግን ማጣቀሻው ከውጭ እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ልኬት በፊት ሊነገረው ይገባል፤ ካልተነገረው የውስጡና የውጩ ማጣቀሻ ይጋጩና ቺፑ ሊጎዳ ይችላል።

ማጣቀሻው 2.5 ከሆነ የባትሪው 12 ቮልት መቀነስ አለበት። ሁለት 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች በተከታታይ፣ ከሥራቸው አንድ 10 ኪሎ ኦም፤ ከ10 ኪሎው ጫፍ ላይ የሚለካው ቮልት ከመጣው 10.4 ጊዜ ያንሳል። የሶላር ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት ፀሐይ ላይ 22 ቮልት ቢያሳይ ወደ አርዱኢኖው የሚገባው 2.1 ብቻ ነው። አንድ 94 ኪሎ ከመፈለግ ሁለት 47 መደርደሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ አንድ ሰው በስህተት የ220 መስመር ቢነካበት ቮልቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሬዚስተር ላይ የሚወርደው ሙቀት 0.25 ዋት ገደማ ስለሆነ ሩብ ዋት ሬዚስተር ይሞቃል እንጂ ወዲያው አይቃጠልም። ስሱ አየርም የሚይዘው የቮልቱን ግማሽ ብቻ ይሆናል። ከ10 ኪሎው ጎን ሁለት ትናንሽ ዳዮዶች ትርፉን ወደ 5 ቮልቱና ወደ መሬት ይመልሱታል። ይህ ሁሉ ለአደጋ ነው እንጂ ለመለካት ፈቃድ አይደለም። ሬዚስተሮቹ መጨረሻቸው ላይ ወርቃማ ቀለበት ካላቸው 5 በመቶ ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ቡናማ ቀለበት ያላቸው 1 በመቶ ናቸው። ለዚህ ቦታ ቡናማውን መፈለግ ይገባል።

ታዲያ የ431ዋን ቃል ማን ያረጋግጣል? እሷም እንደ ደረጃዋ ከግማሽ እስከ 2 በመቶ ልትሳሳት ትችላለች። ጎጃም ለልክ ያለው ጥርጣሬ የቆየ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ያመፀው ገበሬ ከግብሩ እኩል የሚፈራው ነገር መሬቱ መለካቱ፣ ከልኬቱም ቀጥሎ ርስቱ መነካቱ ነበር። ለቮልት የሚሆነው መንገድ ቀለል ይላል። ከሦስት የተለያዩ ዕቃዎች የተነቀሉ ሦስት 431ዎችን በአንድ ቴስተር መለካት፤ ከዚያ አንዷን 431 በሦስት ጎረቤቶች ቴስተር መለካት። የመጀመሪያው ፈተና የምትዋሸውን 431 ያጋልጣል፣ ሁለተኛው የሚዋሸውን ቴስተር። ከዚያ በላይ እርግጠኝነት ለሚፈልግ ሰው፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የሥነ-ልክ ኢንስቲትዩት ሥራ ይኸው ነው፤ መለኪያን ከበለጠ መለኪያ ጋር ማስተያየት። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተመሠረተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ወራሽ የሆነው ትምህርት ቤት፣ ለአካባቢያቸው ጠጋኞች በዓመት አንድ ቀን ላቦራቶሪያቸውን ከፍተው ቴስተር ቢያስተያዩ ትልቅ ውለታ ይሆናል። ይህ የእኔ ምኞት ነው።

ሁለተኛው ሞጁል የአምፔር ነው፤ ያለ እሱ ቮልት መለኪያው ግማሽ እውቀት ነውና። ከስናን አንድ አዛውንት የሶላር ባትሪ ተሸክመው መጡ እንበል።

“ልጄ፣ ቀን ሲያዩት ሙሉ ነው ይሉኛል፤ ማታ ግን አምፖሉ እራት እንኳ ሳያስበላን ይጠፋል።”

“ጋሼ፣ ሙሉነቱን ሥራ አሠርተን እንየው።”

ሥራ የሚያሠራው የመኪና ፍሬቻ አምፖል ነው። ባለ 21 ዋቱ አምፖል ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከ1.5 አምፔር በላይ ይስባል፤ ከየትኛውም የመኪና ዕቃ ሱቅ ይገኛል፤ ብርሃኑም ራሱ ምስክር ነው። አይኤንኤ 219 የምትባለው ትንሽ ቦርድ አምፔሩን የምታውቀው በ0.1 ኦም ሬዚስተር ላይ የሚወርደውን ቮልት በመለካት ነው፤ 1.6 አምፔር ሲያልፍ 0.16 ቮልት ይወርዳል። የአዛውንቱ ባትሪ ያለ ጭነት 12.6 ካሳየ፣ ፍሬቻው ሲበራ ግን ወደ 10.2 ከወረደ፣ የጠፋው 2.4 ቮልት ነው። 2.4 ለ1.6 ሲካፈል 1.5 ኦም ይመጣል። ይህ የባትሪው የውስጥ መቋቋም ነው። በዚያ መጠን ያለ ጤነኛ ባትሪ ከዚህ በአሥሮች እጥፍ ያነሰ ቁጥር ነው የሚያሳየው። እንግዲህ ያ ባትሪ ቮልት አለው፤ መስጠት ግን አይችልም፤ ሳህኖቹ ሰልፌት ለብሰዋል ወይም ውኃው ደርቋል። ለአዛውንቱ አዲስ ፓኔል ግዙ ማለት ገንዘባቸውን መጣል ነው፤ ችግሩ ፓኔሉ ላይ አይደለም።

ሦስተኛውን ሞጁል፣ የተነቀለ አካል መፈተሻውን፣ ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም። ጀርመናዊው ማርኩስ ፍሬየክ ንድፉን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ለቀቀው፤ ካርል-ሃይንስ ክዩብለር አሳደገው፤ የቻይና አምራቾችም አባዝተው ሸጡት። ሦስት ቀዳዳ አለው፤ የተነቀለ ማንኛውንም ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት እግር አካል ሲሰኩበት ምን እንደሆነና የትኛው እግር የት እንደሆነ ይናገራል። እኔን የሚያስደንቀኝ ስንት ትንሽ ነገር እንደሚበቃው ነው፦ አንድ ኤቲሜጋ ቺፕና ስድስት ሬዚስተር። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ 680 ኦምና አንድ 470 ኪሎ ኦም ይደርሰዋል። ቺፑ እያንዳንዱን እግር በእነዚህ በኩል ወይም በቀጥታ ወደ 5 ቮልት ወይም ወደ መሬት እየጎተተ ጥንዶቹን ሁሉ ይሞክራል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልፎ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት የሚይዝ ከሆነ የሲሊከን ዳዮድ ነው። አንዱን እግር በትንሽ ጅረት ሲነኩት በሌሎቹ ሁለት መካከል ብዙ ጅረት የሚያልፍ ከሆነ ትራንዚስተር ነው። ቀስ ብሎ የሚሞላ ከሆነ ካፓሲተር ነው፤ መጠኑም ከሰዓቱ ይሰላል፤ 1 ማይክሮ ፋራድ በ470 ኪሎ ኦም በኩል 63 በመቶ እስኪሞላ 0.47 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ለጠጋኝ ቤት ትልቁ ጥቅሙ ካፓሲተር ላይ ነው። ያበጠ ካፓሲተርን ዓይን ያየዋል። ሳያብጥ የደረቀውን ግን ተራ ቴስተር ላያገኘው ይችላል፤ ይህ ሞጁል መጠኑን ብቻ ሳይሆን ከመጠኑ ጋር በተከታታይ የተደበቀውን መቋቋም ያወጣዋል። አንድ ግዴታ አለ፦ ካፓሲተሩ ከመሰካቱ በፊት ይራገፍ። ከኃይል ቦርድ የወጣ ትልቅ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ቺፑን በአንድ ምት ይገድላል፤ ሰውንም ክፉኛ ይመታል። ቺፑን በሶኬት ላይ ማስቀመጥና ምትኩን በመሳቢያ መያዝ ብልህነት ነው።

ስለ ሙቀት ሞጁሉ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። መጻሕፍት ሙቀት መለኪያን በሚፈላ ውኃ አስተካክሉ፣ 100 ዲግሪ በሉት ይላሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጮቄ አናት ላይ ደግሞ ከ87 አይበልጥም። መጽሐፉን አምኖ ያስተካከለ ሰው ዘላለም 8 ዲግሪ የሚዋሽ መለኪያ ይኖረዋል። ዜሮውን ከሚቀልጥ በረዶና ውኃ ድብልቅ መውሰድ ይቻላል፤ እሱን ከፍታ አይለውጠውም። ያው ስስ አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም፤ 12 ቮልትን ወደ 5 የሚያወርድ 7805 በግማሽ አምፔር ላይ 3.5 ዋት ሙቀት ይተፋልና የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣው መጽሐፉ ከሚለው ሰፋ ይበል።

ወጣቶች ቀጥለው የሚጠይቁት ኦሲሎስኮፕ ነው፤ ያው አርዱኢኖ ማዕበል ማሳየት አይችልም ወይ? በተለመደው ቅንብሩ አንድ ልኬት 104 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት በሰከንድ ከ9,600 ገደማ በላይ አይለካም። በትንሽ ትራንስፎርመር ዝቅ ተደርጎ ለመጣ የ50 ኸርዝ መስመር ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ በአንድ ዑደት 190 ነጥብ ይሰጣል፤ የስታቢላይዘር ወይም የኢንቨርተር ማዕበል ምን ያህል እንደተጣመመ ያሳያል። የቻርጀር ቺፕ ግን በ65 ኪሎ ኸርዝ ሲበራና ሲጠፋ፣ በሁለት ልኬት መካከል ከስድስት በላይ ዑደት ሳይታይ ያልፋል። ማያ ገጹ ባዶ ቢሆን ደግ ነበር። ባዶ አይሆንም፤ ከተራራቁ ዑደቶች አንዳንድ ነጥብ ለቅሞ የሌለ ዘገምተኛ ማዕበል ይሥላል፤ የሚያየውም ያምነዋል። ለዚህ ሥራ ሞጁል መሥራት አልመክርም። ያገለገለ ባለ 20 ሜጋ ኸርዝ ኦሲሎስኮፕ ይሻላል፤ ለአንድ ጠጋኝ ቤት ውድ ከሆነም አራት አምስት ጎረቤቶች ዕቁብ ጥለው አንዱን በጋራ ገዝተው፣ አቧራና እርጥበት በማይበዛበት ሱቅ አስቀምጠው በተራ ሊገለገሉበት ይችላሉ።